አንድ ለሠላሳ አምስት

የእኔ ዘመን የመቀሌ ልጆች ቲ-55 ታንክን ከሌላው የምንለየው በፊተኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ባለው ክፍተት ነበር። በየጎኑ አምስት አምስት ትላልቅ ጎማዎች አሉት። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ተጠጋግተው ሲሰለፉ የፊተኛው ራቅ ብሎ ለብቻው ይቆማል። ከእሱ በኋላ የመጣው ቲ-62 ግን ክፍተቶቹ ወደ ኋላ ናቸው። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በትግራይ መንገዶች ዳር ተቃጥለው የቀሩ ታንኮች ነበሩ፤ ከመቀሌ ወደ ውቅሮ ሲኬድም ከመንገዱ ዝቅ ብላ የቆመች አንዲት ነበረችን። ያቺ ክፍተት ደረጃችን ነበረች። አንድ እግር እዚያ ይገባል፣ ሌላው ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ፓራፋንጎው ላይ በደረት መሳብ ነው። ፀሐይ ከመታው በኋላ ከሆነ ብረቱ ሆድ ያቃጥላል። ዓይናችን ብቻ ሳይሆን ጉልበታችንም ታንኩን ያውቀው ነበር።

ሰፈር ስንመለስ የምንሠራት ታንክ ታዲያ ያቺን ክፍተት ካልያዘች ታንክ አትባልም። አካሏ የሳርዲን ቆርቆሮ ነው፤ ጎማዎቿ ቆርኪ፤ ሰንሰለቷ ከተቀደደ የብስክሌት ካላማዳሪያ በምላጭ የተቆረጠ። መድፉ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነበር። ትልቁ ጣጣ የሚዞረው ራሷ ላይ ነው። የኪዊ ቆርቆሮ ልኩ ቢሆንም ላዩ ጠፍጣፋ ነው፤ የእውነተኛው ራስ ደግሞ ድቡልቡል ብሎ ወደ ታች የሚሰፋ። ስለዚህ ቆርቆሮውን ጉድጓድ ያለው ድንጋይ ላይ ደፍተን በብሎን ጭንቅላት ቀስ እያልን እንቀጠቅጠዋለን። ቶሎ የሚቸኩል ልጅ ይበሳዋል። ቀስ የሚል ልጅ ጨለማ እስኪሆን ይቆያል፣ እናቱ ትጣራለች፣ አይሰማም።

ኦራል የሚሠሩም ነበሩ። የኦራል ሞያ የሽቦ ነው፤ ረጅም መሪ ተቀጥሎበት ቆመው የሚነዱት። ኤንትሬም እንዲሁ። ግን ሽቦ የመኪናውን ቅርጽ በመስመር ብቻ ያሳያል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ሥጋ አለው። እኔ የቆርቆሮ ልጅ ነበርኩ።

ያኔ መቀሌ ውስጥ የጦርነት ዕቃ የቤት ዕቃ ሆኖ ነበር። አረንጓዴ የጥይት ሣጥን ሱቅ ውስጥ መደርደሪያ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ መቀመጫ ነው። የመድፍ ቀለህ ተንጠልጥሎ ደወል ሆኖ ይመታል። ከተሽከርካሪ የተገፈፈ ላሜራ ፈርኔሎ ሆኖ ቡና ይፈላበታል። ደርግ ከተማውን ለቆ የወጣው በየካቲት 1981 ስለነበር እኛ የምናስታውሰው ድምፁን ነው እንጂ ቅርጹን አይደለም። ቅርጹን ያገኘነው በኋላ፣ ሁሉ ነገር ዝም ካለ በኋላ፣ ከመንገድ ዳር ነው።

ዕድሜ ሲመጣ ቆርቆሮው ቀረ። የቴክኒክ ሥዕል ተማርኩ፣ አስተማሪም ሆንኩ። ልጆችን መስመር ማስመር፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ መሳል፣ አንድን ዕቃ በወረቀት ልክ አሳንሶ መጠኑን ሳያዛንፉ ማስቀመጥ አስተምራለሁ። በ2011 ዓ.ም. ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ከሻንጣው ሥር አንድ ጠፍጣፋ ሣጥን አወጣና «ይሄ ያንተ ነው፣ አይቼ ማለፍ አቃተኝ» አለኝ። ሣጥኑ ላይ ቲ-55 ተስሏል። የጃፓኑ የሞዴል ፋብሪካ የታሚያ ሥራ ነው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት የፊተኛውን ጎማ ነው። ራቅ ብሎ ቆሟል።

ውስጡ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጥራጮቹ በቀጭን የፕላስቲክ ክፈፍ ዙሪያ ተንጠልጥለው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ተጽፎለት። የመብራቱ መከለያ፣ የክዳኑ እጀታ፣ የመጎተቻ መንጠቆው፣ ከፊት ለፊት የጭቃና የውኃ መከላከያው የማዕዘን ላሜራ ሁሉም አሉ። አንዳንዱ ከስንዴ ቅንጣት ያንሳል። በዚያ ሌሊት አንድም ነገር ሳልቆርጥ መመሪያውን ብቻ ሳገላብጥ አመሸሁ።

አንድ ለሠላሳ አምስት ነው ልኩ። ይህ ቁጥር የሥዕል አስተማሪን ይከነክናል፤ አንድ ለሃያ፣ አንድ ለሃምሳ ነው እኛ የምናውቀው። ምክንያቱን ሳነብ ደስ አለኝ። ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ታንክ፣ የጀርመኑን ፓንተር፣ ሲሠራ ውስጡ ሞተርና ባትሪ እንዲገባ ፈለገ። የታንኩ ስፋት የተወሰነው በባትሪው ነው። በኋላ ሲሰላ አንድ ለሠላሳ አምስት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ያው ልክ ለሚቀጥሉት ታንኮች ሁሉ ሕግ ሆነ፣ ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከተሉት። ድርጅቱን ለአሥርት ዓመታት የመሩት ሹንሳኩ ታሚያ እውነተኛውን መሣሪያ በዓይናቸው ሳያዩ ሞዴሉን ማውጣት የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ አሜሪካ አበርዲን ወዳለው የጦር መሣሪያ ሙዚየም ድረስ ሄደው ታንክ ፎቶ ያነሱ ነበር። የፖርሼን መኪና ሞዴል ለመሥራት አንድ እውነተኛ ፖርሼ ገዝተው እንዳስፈቱ ይነገራል። እንዲህ ያለ ሰው ውቅሮ መንገድ ላይ ቢመጣ እኛን ያገኘን ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ከእግር እስከ ራስ ለክተን የምናሳየው።

በዚህ ልክ እውነተኛው ታንክ መድፉን ጨምሮ 9 ሜትር የነበረው ወደ 26 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ወርዱ 3 ሜትር ከ27 የነበረው 9 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር ይሆናል። 36 ቶኑ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው ደግሞ ልክ 5 ሳንቲሜትር ነው።

ሙጫውና ቀለሙ ግን አልመጡም። የሚቀጣጠል ነገር ስለሆኑ አውሮፕላን አያሳፍራቸውም። መቀሌ ውስጥ ደግሞ ለፕላስቲክ ሞዴል ተብሎ የሚሸጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ ያለውን ማወቅ ነው። ለመቁረጫ የጥፍር መቁረጫ፤ ለመሞረጃ ምላጭና ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት። ሱፐር ግሉ ያጣብቃል፣ ግን ላዩ ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያስፈልገው ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ነው። የመኪና ቀለም ከሚቀቡ ልጆች ትንሽ ዲሉዌንቴ ለመንኩና የተረፈውን ክፈፍ ቆራርጬ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩበት። ጠዋት ሳየው እንደ ማር ወፍሮ አረንጓዴ ሆኗል። በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አድርጎ መገጣጠሚያው ላይ ማስኬድ፣ ጫን አድርጎ መያዝ፣ እስከ ሃያ መቁጠር። አኳራጃ ግን ፕላስቲኩን ምንም አይለውም፤ እሱ ለብሩሽ ማጠቢያ ነው። ቀለሙን ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሠራ ወዳጄ አገኘሁ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ የቀመመው ጥቁር አረንጓዴ ነበረው።

በሰፈራችን የወፍጮ ቤት ሞተር የሚጠግን አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። የጎጃም ሰው ነው፣ መቀሌ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ የቀረ። አንድ ቅዳሜ የተገጣጠመውን አካል በጋዜጣ ጠቅልዬ ወሰድኩለት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ አንሥቶ ገለባበጠው፣ ከሥር አየው። ወዲያው «ማርሚታው የታል?» አለኝ።

«ገና አልለጠፍኩትም።»

«በግራ ነው። በግራ ፓራፋንጎ ላይ። ከጎኑ የሚሄድ ሰው ፊቱ ይቃጠላል። ጭስ ስትፈልግ ደግሞ ናፍጣ ወደ ማርሚታው ትረጫለህ፤ ሰማዩ ይጠፋል።»

ታንከኛ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ሾፌር መካኒክ ነበር፤ የዚህችን ታንክ፣ ቲ-55ን። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ከተዛወሩ በኋላ በኦጋዴን ጦርነት ወቅት፣ በ1970 ዓ.ም.፣ የሶቪየት ታንክ በብዛት ገባ፤ እሱ የተመለመለው ከዚያ በኋላ ነው። ሽሬ ላይ የደርግ 604ኛው ኮር በየካቲት 1981 ሲደመሰስ ተማረከ። ታንኳም ተማረከች። የማረኳት ታጋዮች ታንክ መንዳት የሚያውቅ ሲፈልጉ እሱን አገኙ፤ ያችኑ ታንክ፣ በዚያው ወንበር፣ ለሌላ ሠራዊት ነዳ። ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ሲገቡ እሱም ገብቷል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ የናፍጣ ፓምፕ ስለመፍታት እንደሚያወራ ሰው ነው ያወራው።

ከእሱ የሰማሁት መመሪያው ላይ የለም። ከኋላ የሚታሰረው ግንድ ለማገዶ እንደሆነ ነበር ልጅ ሆነን የምናስበው። ታንክ ጭቃ ሲውጠው ግንዱ በአግድም ከሁለቱ ሰንሰለቶች ጋር ይታሰራል፤ ሰንሰለቱ ሲዞር ግንዱን ከሥር ይጎትተዋል፣ ታንኩ በግንዱ ላይ ረግጦ ይወጣል። ሞተሩ ባለ 580 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ባትሪው ቢደክም በታመቀ አየር ይነሳል። ጫኙ ከመድፉ በስተቀኝ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ ወደ 30 ኪሎ የሚመዝነውን ጥይት ወደ መድፉ የሚገፋው በግራ እጁ ነው። አርባ ሦስት ጥይት ይዘው አራት ሰዎች በዚያ ውስጥ። ከሁሉ የገረመኝ ስለ ተራራ የነገረኝ ነው።

«መድፉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ወደ ታች ግን አይወርድም» አለኝ። ትክክል ነው፤ ከአግድም በታች 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚያዘቀዝቀው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ የመድፉ ቂጥ ወደ ላይ የሚነሳበት ቦታ የለም። ለሩሲያ ሜዳ ተሠርቶ ይሆናል፤ ለትግራይ ግን አምባ ላይ ወጥተህ ከእግርህ ሥር ያለውን ሸለቆ መምታት አትችልም ማለት ነው። «ከላይ ሆነን ከታች ያለውን እናያለን፣ መድፉ ግን ሰማይ ሰማዩን ያያል። ታጋዮቹ ይህን ያውቁ ነበር።» ቤት ሄጄ በሞዴሉ ሞከርኩት። ታሚያ ይህንንም ጠብቆታል። መድፉ ትንሽ ያዘቀዝቅና ይቆማል።

ሽሬ ላይ ታንክ ሲማረክ ያ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ለጋሼ ነገርኩት፤ እሱም አያውቀውም ነበር። በታኅሣሥ 1928 እዚያው ሽሬ አካባቢ ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጥሟል። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ 3 ቶን የሚመዝኑ፣ የሚዞር ራስ የሌላቸው ነበሩ። ፊት ለፊት መትረየስ ደግነዋል እንጂ ከጎንና ከኋላ ዕውር ናቸው። የእኛ ሰዎች ከጎንና ከኋላ ደረሱባቸው፣ ላያቸው ላይ ወጡ። ያቺም ታንክ በአንድ ለሠላሳ አምስት ትሠራለች፤ ርዝመቷ 9 ሳንቲሜትር ነው። ቲ-55 ላይ በአግድም ብትቀመጥ ከጎን ለጎን ልክ ነች። ጋሼ በጣቱ ለካው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «በዚህች ነው የመጡብን?» አለ።

እናቴ ግን ነገሩን አልወደደችውም። ቡፌው ላይ ባስቀመጥኩት በማግስቱ ነጭ የጥልፍ ጨርቅ ተከናንቦ አገኘሁት። «አደይ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው» ስላት፣ «እኔ እሱን ሸሽቼ ስንት ጊዜ ጎጆ ውስጥ አድሬያለሁ፤ አንተ ገዝተህ አስገባኸው» አለችኝ። አልገዛሁትም ብዬ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ግን የዋጋ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቴ ነው የሠራሁት፤ እሷ ስትገባ እሸፍነዋለሁ። አሁንም ልክ ነበረች ብዬ አምናለሁ፤ እኔም አልተሳሳትኩም። የሸሹት ነገር ቅርጹ አይመረመርም። እኛ ግን ከቆመ በኋላ የደረስን ልጆች ነን፤ በቅርጹ ካልሆነ በምን እንወቀው?

ከዚያ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። አካሉ ተገጣጥሞ፣ ጎማዎቹ ገብተው፣ ሰንሰለቱ ተዘርግቶ፣ ራሱ ገና ሳይቀባ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩት። ኅዳር 19 የፌዴራል ጦር መቀሌ ገባ፤ ሰኔ 21 ወጣ። ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ደመወዝ ቀረ። ከመቀሌ በስተሰሜን ባለው መንገድ ላይ እንደገና የተመታ ታንክ ቆመ። በአጠገቡ አለፍኩ፤ ክፍተቱን ሳላየው ማለፍ አልቻልኩም። መውጣት ግን አልፈለግሁም። ልጅ ሆኜ ያቺን የውቅሮ መንገድ ታንክ ውስጥ ማን ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ አሁን የጠየቅሁት መጀመሪያ እሱን ነው። ለዚህኛው እናት አለው፣ ገና አልተነገራትም ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለዚያችኛዋም፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

በእነዚያ ዓመታት ሣጥኑን አልከፈትኩም። ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ቀና በሚልበት ከተማ የታንክ ራስ ቁጭ ብሎ መቀባት አይሆንም። ነሐሴ 20 ቀን 2014 የአየር ድብደባ ሕፃናት የሚውሉበትን ቦታ መታ፤ ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ከደጅ የሚጫወት ልጅ ለብዙ ቀን አልታየም። አንድ የጎረቤታችን ልጅ ግን ቤት ውስጥ ሆኖ ይሠራ ነበር። ምን እንደሚሠራ ልይ ብዬ ገባሁ። ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ መኪና እየሠራ ነው። ኦራል መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የእርዳታ እህል የሚያመጣው ረጅሙ መኪና ነው፤ ተሳቢ አለው፣ ተሳቢው ላይ በጨርቅ የተሠሩ ጆንያዎች ተጭነዋል። ያ ልጅ በዓይኑ ያየው፣ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራለት፣ ሲቀር ቤት የሚጨልምበት ተሽከርካሪ እሱ ነበር። ጎማዎቹን ቆጠርኩ፤ አንድም አላጎደለም። ከሠራቸው ነገሮች ሁሉ ያየሁት ምርጥ ሥራ ነው፤ ከእኔም ይበልጣል።

ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። በታኅሣሥ አውሮፕላን ተመለሰ፣ ስልክ ሠራ፣ የአክስቴ ልጅ ድምፅ ተሰማ። ካለቀሰ በኋላ ከጠየቀኝ ነገሮች አንዱ «ታንኩስ?» የሚል ነበር። አልጋ ሥር ነው አልኩት። «ጨርሰው» አለኝ።

ለመጨረስ ግን አንድ ነገር መወሰን ነበረበት፤ እሱም ቀኑ ነው። ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚሠራው ታንክን አይደለም፤ በአንድ ቀን የነበረችን ታንክ ነው። ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን ከሆነ አንድ ጭረት የላትም። ከመርከብ የወረደችበት ቀን ከሆነ ፋብሪካ የቀባው አረንጓዴ ላይ የባሕር ጨው ይኖራል። የውጊያ ቀን ከሆነ ባሩድና የዘይት እንፋሎት አለ። መንገድ ዳር የቀረችበት ዘመን ከሆነ ዝገት ነው፤ ጎማዋ ላይ የነበረው ላስቲክ ተቃጥሎ፣ ሰንሰለቷ ወርዶ። ብዙ ሞዴል ሠሪዎች የሚመርጡት የውጊያውን ቀን ነው፤ የሣጥኖቹ ሥዕል ሁሉ እሱን ነው የሚያሳየው። እኔ እጅ የገባው መመሪያ ላይ የሌሎች አገሮች ምልክትና ቀለም ተሰጥቷል፤ የእኛ የለም። የእኛ ጭቃ፣ የእኛ ግንድ፣ የእኛ ቀን የለም። ስለዚህ መምረጥ የእኔ ሆነ፤ እኔ ደግሞ በልጅነቴ የማውቀውን ዝገት ለመቀባት ቆርጬ ነበር። ጡብ የመሰለ ቀይ ቀለም አስቀመምኩ።

ለጋሼ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። «ዝገቱን አንተ ታውቀዋለህ» አለ በመጨረሻ። «እኔ ግን ዝጋ አላየኋትም። እኔ የማውቃት ንጹሕ ሆና ነው።» ከዚያ አንድ ቀን ነገረኝ። በ1980 ክረምት መገባደጃ፣ ከሽሬ እንዳሥላሴ ብዙ ሳይርቁ፣ ዝናብ ያባራበት ቀን ነበር። ትእዛዝ አልመጣም። አራቱም ልብሳቸውን አጠቡና መድፉ ላይ አሰጡት። ሞተሩ ገና ሙቅ ስለነበር የኋላ ክዳኑ ላይ ጫማ አደረቁ፣ ዳቦ አሞቁ። ከአጠገብ ካለ መንደር አንዲት ሴት እንቁላል ይዛ መጥታ በስኳር ለወጠች። ማንም አልተኮሰም። ማታ ደረሰ፣ ተኙ። ያ ቀን ይሄው ነው፤ ሌላ የለውም።

ቀዩን ቀለም መለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የሁለታችን ሆነ፤ ሰውየው ምሕረት የለውም። የመቀሌን አፈር በስቶኪንግ ነፍቼ፣ ከነጭ ሙጫ ጋር ለውሼ ሰንሰለቱ ላይ ቀባሁና አሳየሁት። የመቀሌ አፈር ኖራማ ነው፣ ወደ ቢጫ ያደላል። «ይሄ አቧራ ነው፤ የሽሬ ጭቃ ቀይ ነው፣ ይለጥፋል» አለ። ለዚህ ብሎ አውቶቡስ ላይ ከሽሬ ከሚመጣ ዘመዱ በሻይ ብርጭቆ የሚሆን አፈር አስመጣ፤ እውነትም ቀላ ይላል። አፈሩ በዚያ ልክ ሲታይ ቅንጣቱ ድንጋይ ያህል ስለሚሆን ደጋግሜ መንፋት ነበረብኝ። የታንኳን ቁጥር ነገረኝና ጎኗ ላይ ጻፍኩት፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። ውኃ መያዣ ጀሪካን ከራሷ ኋላ በገመድ የታሰረ እንዲሆን አዘዘኝ፤ ገመዱን ከካልሲ ክር ሠራሁ። ክዳኖቹ ሁሉ ይከፈቱ አለ፤ «ፀሐይ ሲወጣ የሚዘጋ እብድ ነው።»

የቀሩት ሰዎቹ ነበሩ። ሣጥኑ ውስጥ አራት ሰው የለም፤ ከሰምና ከቀጭን ሽቦ ልሠራቸው ነው። ቁመታቸውን ልወቅ ብዬ ጠየቅሁት። «ና» አለና የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሜትር ዘረጋሁ። 1 ሜትር ከ61።

«ያን ጊዜ አራት ሳንቲም እበልጥ ነበር» አለ። «እርጅና አሳጠረኝ።»

አራት ሳንቲሜትር በእኛ ልክ አንዲት ሚሊሜትር ናት። ጨመርኩለት፤ 4 ሳንቲሜትር ከ7 ሆነ። ተኳሹን እጁን ከግንባሩ ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ አሳየኝ፤ ዱቄቱ ላይ የጣቱ ምልክት ቀረ፣ ለካሁት፣ አካፈልኩት። አዛዡ ልክ 5 ሆነ። ጫኙ ጋ ሲደርስ እጁን ከራሱ በላይ አነሳና እንደገና ትንሽ ጨመረበት። «ለታንክ አይሆንም እያሉት የገባ ልጅ ነው። አናቱ ከክዳን ጋር እየተጋጨ ሁልጊዜ እብጠት ነበረው። ወለጋ ነው አገሩ።» 1 ሜትር ከ86፤ 5 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር። ከአራቱ ውስጥ የሦስቱን መጨረሻ አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። የጫኙን ሳቅ ግን ነግሮኛል፣ የእጁን ስፋትም።

አሁን የያዝኩት እሱን ነው። ቆሞ ልብስ ሲያሰጣ ይሁን ተባብለናል፤ ከጫማው በስተቀር የሚደገፈው ነገር ስለሌለ በእግሩ ውስጥ ያለውን ሽቦ ወደ ታች አስረዝሜ አፈሩ ውስጥ እተክለዋለሁ። ሸሚዞቹን የምሠራው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለው ብርማ ወረቀት ነው፤ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ቀለምም ይቀበላል። አራት ቆርጬ ነበር። ጋሼ ቆጠራቸውና አንዱን አነሳው። መድፉ ላይ የተሰጣው ሦስት ነው አለ፤ እሱ ራሱ ብርድ ስለሚፈራ የራሱን አጥቦ እርጥቡን እላዩ ላይ ነበር ያደረቀው።